አዲስ አልበም በየትኛው በር ይገባል? ከዘውጉ ስም ይልቅ ቤቱን መጠየቅ

ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ደብረ ማርቆስ ተኝታለች፤ በስልካችን ውስጥ ያሉት የሙዚቃ መተግበሪያዎች ግን የሳምንቱን አዳዲስ አልበሞች መደርደር የሚጀምሩት በዚያች ሰዓት ነው። ሰዓቱና ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጡ አይደሉም። እስከ 2015 ድረስ አዲስ አልበም በብሪታንያ ሰኞ፣ በአሜሪካ ማክሰኞ፣ በጀርመንና በአውስትራሊያ ደግሞ አርብ ይወጣ ስለነበር፣ በአንደኛው አገር ገበያ ላይ የዋለው ሥራ ሌላው አገር በሕጋዊ መንገድ ሳይደርስ በኢንተርኔት እየተቀዳ ይሰራጭ ነበር። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ዓለም አቀፉ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን፣ እኛ ሐምሌ 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ብለን ከቆጠርነው ዕለት ጀምሮ፣ አርብን የሁሉም አገሮች የጋራ መልቀቂያ ቀን አደረገው። («ዓ.ም.» ከተባለባቸው በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንዳንድ አሳታሚዎች የኒው ዮርክን እኩለ ሌሊት ስለሚከተሉ፣ የእነርሱ አልበም እኛ ዘንድ የሚደርሰው በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ነው። በአገራችን ግን የአልበም ቀን ከሳምንቱ ይልቅ ከበዓሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ድምፃዊው ሥራውን ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሲያደርስ፣ አድማጩም ዶሮውን ሲገዛ አልበሙንም አብሮ ይጠብቃል።

ቀኑን ማወቅ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው፣ ከአርብ እስከ አርብ ሌት ተቀን ቢያዳምጡ ከማያልቅ ክምር ውስጥ ለራስ የሚሆነውን ለይቶ ማውጣት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ለማድረግ የሚሞክረው በዘውግ ስም ነው፤ «ጃዝ»፣ «ፐንክ»፣ «ኢንዲ»፣ «ፖፕ» ብሎ ይፈልጋል፣ የሚመጣለትም በስሙ ስር የታጨቀ ሁሉ ነው። የእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው፤ አዲስ አልበም የሚገኘው የዘውጉን ስም በመከተል ሳይሆን ሥራውን የሠሩትን ሰዎችና ያሳተመውን ቤት በመከተል ነው። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ቅኔ የተማረ ሰው ሌላውን ቅኔ አዋቂ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነና ከየትኛው ቤት እንደወጣ ነው። የዋሸራ ነው? የጎንጅ ነው? ወይስ ከወሎ በኩል የዋድላ? ቤቱ ከታወቀ የቅኔው ጠባይ ግማሹ ታወቀ ማለት ነው። አሳታሚውን «ሙዚቃ ቤት» ብለን መጥራታችንም ለዚህ ምሳሌ ያመቸኛል።

በካሴት ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራልን ባለሱቁ ነበር። ልጅ ሳለሁ የማዘወትረው የደብረ ማርቆስ ካሴት ቤት ባለቤት፣ ከበሩ ላይ በሰቀለው ድምፅ ማጉያ አዲሱን ሥራ ለመንገደኛው ሁሉ ያሰማ ነበር፤ ውስጥ ገብተው ቆም ላሉት ግን ደምበኛውን እያየ ይመርጥላቸው ነበር። «አንተ ሳክስ ያለበት ነው የምትወድ፣ ይቺን ስማት» ብሎ ካሴቱን ከነሽፋኑ ያቀብለኛል። ሽፋኑን ስገልጠው በደቃቃ ፊደል ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ተጽፎ አነብባለሁ። ካሴት ከገበያ ሲወጣ ያው ሱቅ ሚሞሪ መሙያ ሆነ። በአሥርና በሃያ ብር ስልካችን ላይ የምናስጭነው ሙዚቃ «አዲስ» በሚል አንድ ፎልደር የታጨቀ ሲሆን፣ የዘፈኑ ስም እንኳ «ትራክ 01» ከመባል አያልፍም ነበር። ብዛቱን አገኘን፤ ያቺ ደቃቃ ጽሑፍ ግን አብራ ጠፋች። አሁን በመተግበሪያዎቹ ላይ ጽሑፏ ተመልሳለች፣ ነገር ግን ከዘፈኑ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ የባለሙያዎቹን ዝርዝር የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው።

መተግበሪያው ራሱ የሚያቀርብልን ምክር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ማሽኑ ስለ ሙዚቃው ውበት የሚያውቀው ነገር የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም። አሠራሩ በዋናነት እንደ ቅመማ ቅመም ነጋዴ ነው፤ በርበሬ የገዙ ሴቶች ብዙውን ጊዜ ኮረሪማም እንደሚገዙ ካስተዋለ፣ ምክንያቱን ሳይመረምር በርበሬ ለጠየቀች ሁሉ ኮረሪማ ያሳያል። እኔ የሰማሁትን የሰሙ ሌሎች ሰዎች ምን እንደሰሙ ይቆጥርና ያንን ያመጣልኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለሚሰማው ፖፕ ጥሩ መሪ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ወጥቶ ገና መቶ ሰው ላልሰማው የጃዝ አልበም ግን የሚቆጥረው ነገር ስለሌለው ዝም ይላል። በስፖቲፋይ ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ዝርዝሮች አሉ፤ ከ2015 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሚታደሰው «ዲስከቨር ዊክሊ» ለእኛ አዲስ የሆነውን እንጂ አዲስ የወጣውን አያመጣም፣ የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለው ዘፈንም ሊያመጣ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት የመጣውና አርብ አርብ የሚታደሰው «ሪሊዝ ራዳር» ነው አዲስ የወጣውን የሚያቀርበው፣ እርሱም በአብዛኛው የሚመለከተው የምንከተላቸውንና የምናዳምጣቸውን ሙዚቀኞች ነው። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት አጭር ነው፤ ዘፈኑን መውደድ ብቻ ሳይሆን ሙዚቀኛውን መከተል፣ በተለይም ስሙ ከሽፋን ላይ ያልወጣውን ተጫዋች መከተል ይገባል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ከራሳችን ሰው እንነሳ። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ የቻግኒ ልጅ ናት። በ2001 ፓልም ፒክቸርስ በተባለው ቤት በኩል የወጣውንና በስሟ የተሰየመውን አልበም ጎጃም ውስጥ ያልሰማው ሰው ጥቂት ነው፤ የባለሙያዎቹን ዝርዝር ያነበበው ግን ከዚያም ያንሳል። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ይገኙበታል፤ ሦስቱም በጃዝ ዓለም ስማቸው በአክብሮት የሚጠራ ናቸው። አባይን የምታወድሰው ልጅ ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ መስፈሯ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ እኛን የሚመለከተው ግን ክሩ ወዴት እንደሚወስድ ነው። ከሦስቱ አንዱን፣ ሳክስፎኒስቱን ፋሮዋ ሳንደርስን የተከተለ ሰው፣ በ2021 ፍሎቲንግ ፖይንትስ ከተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባለሙያና ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የሠራውን «ፕሮሚስስ» የተሰኘ አልበም ያገኛል። ሳንደርስ በቀጣዩ ዓመት በ81 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ ከዚህ አልበም ቀደም ለብዙ ዓመታት በራሱ ስም እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አላወጣም ነበር፤ በዘውግ ስም ቢፈለግ «ጃዝ ነው» የሚለውም «ክላሲካል ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ይዟል።

አልበሙን ያሳተመው ቤት ሉዋካ ቦፕ ይባላል። ይህን ቤት በ1988 ያቋቋመው ዴቪድ በርን ነው። በርን ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ የኒው ዮርክ ፐንክ በተወለደበት ጠባብ መሸታ ቤት ይጫወት የነበረው የቶኪንግ ሄድስ ድምፃዊ ነው። እርሱን መከተል የጀመረ ሰው መስከረም 2018 ዓ.ም. ሊጠባ 6 ቀን ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ ማታዶር በተባለው የኢንዲ ቤት በኩል አዲስ አልበም እንዳወጣ ስልኩ ይነግረዋል። እንግዲህ ከቻግኒ ተነስተን፣ በጃዝ በኩል አልፈን፣ ፐንክን ነካክተን፣ ኢንዲ ቤት ገባን፤ በመንገዳችን ላይ አንድም ጊዜ የዘውግ ስም አልፈለግንም።

ለጃዝ ይህ መንገድ ከማንኛውም ይበልጣል፣ ምክንያቱም የጃዝ ተጫዋች በአንድ ባንድ ተወስኖ አይቀመጥም፤ ዛሬ የራሱን አልበም ይመራል፣ ነገ በሌላው አልበም ላይ ከበሮ ይመታል። የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ የ2018 አልበም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እያሽከረከረ ለብዙ ዓመታት ከኖረ በኋላ ወደ ሙዚቃው ሲመለስ በከበሮ ያጀበው ቶኒ በክ ነበር። ቶኒ በክ የሚታወቀው ዘ ኔክስ በተባለው የአውስትራሊያ ሦስትዮሽ ሲሆን፣ ይህ ቡድን ከ1987 ጀምሮ አብሮ እየተጫወተ፣ ብዙ ጊዜ አንድን ዜማ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀስ እያለ የሚያሳድግባቸውን አልበሞች ያወጣል። በገና ሲደረደር ሳይቸኩል ማዳመጥ ለለመደ ሰው ዘ ኔክስ ከባድ አይሆንበትም ብዬ አስባለሁ። ቤት ለመከተል ለሚፈልግ ደግሞ፣ ማንፍሬድ አይከር በ1969 በሙኒክ ያቋቋመው ኢሲኤም አለ፤ ሽፋኖቹ ሳይቀሩ ከሩቅ ይለያሉ። በ1939 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ብሉ ኖትም እስከ ዛሬ አዲስ ሥራ ያሳትማል።

ኢሲኤም በተቋቋመበት በዚያው በ1969 አዲስ አበባ ላይ አንድ ሌላ ቤት ተከፍቶ ነበር፣ እርሱም «ኢንዲ» የሚለውን ቃል ለመረዳት ከማንኛውም የውጭ ምሳሌ ይልቅ ይጠቅመናል። በጊዜው ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጾ፣ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። እስር ሊያስከትልበት የሚችል ድፍረት ነበር፤ አልታሰረም፣ አምሃ ሪከርድስም እስከ 1975 ድረስ በዘመኑ ከነበሩት ዝነኛ ሸክላዎች ብዙዎቹን አወጣ። ኢንዲ ማለት መጀመሪያ ይኸው ነው። ቃሉ «ራሱን የቻለ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ የሚገልጸውም ድምፁን ሳይሆን የባለቤትነቱን ጉዳይ ነው፤ ዛሬ የዓለምን ገበያ ከያዙት ከዩኒቨርሳል፣ ከሶኒና ከዋርነር ውጭ የታተመ ሥራ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ለስለስ ያለ የጊታር ሙዚቃ መጠሪያም ሆነና ትርጉሙ ተምታታ። ስለዚህ በመተግበሪያ ላይ «ኢንዲ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከትልልቆቹ ኩባንያዎች የወጣ ነገር ቢመጣለት ሊገረም አይገባም።

ይህን ራስን የመቻል መንገድ በእንግሊዝ ያስፋፋው ፐንክ ነው። የማንችስተሩ ባዝኮክስ ባንድ በጥር 1977 ገንዘብ ተበድሮ ያሳተመው ባለ አራት ዘፈን ሸክላ፣ ያለ ትልቅ ኩባንያ ሸክላ ማውጣት እንደሚቻል ለብዙ ወጣቶች አሳየ። በዚያ ሸክላ ሽፋን ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸ ሳይቀር ተጽፏል፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ሌላውም አይቶ እንዲሞክር ይመስላል። በአሜሪካ ደግሞ ከ1980 ጀምሮ ዲስኮርድ የተባለው የዋሽንግተን ቤት የራሱን ከተማ ባንዶች ብቻ እያሳተመ ኖሯል። የፐንክ አልበም የሚፈለገው እንግዲህ በከተማና በቤት ነው፤ አንዱን የዲስኮርድ ሸክላ የወደደ ሰው የቀሩትን በዓመታቸው ቅደም ተከተል ቢያዳምጥ የአንድን ሰፈር ታሪክ ያነብባል።

ፐንክ ምን እንደሚመስል ለጎጃም ሰው ለማስረዳት ከሽለላ የቀረበ ነገር አላገኘሁም። ሸላዩ ድምፁን ለማሳመር አይጨነቅም፤ ጉልበቱን ያወጣል፣ ይፎክራል፣ የሰሚውን ደም ያሞቃል። ይህን ንጽጽር ከራሴ አላመጣሁትም፤ የይፋቱ ሰው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ካዛወረ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1979 የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ ፐንክ ባንድ አብሮት ሊጫወት ፈለገ፣ እርሱም ወደደው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ፤ ጌታቸው በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስም አብረው ብዙ መድረክ ዞረዋል። አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ አጎቴ ጋር ነበር። አጎቴ በሠርግ ላይ ማይክ ከተሰጠው የማይመልስ ሸላይ ነው። የጊታሩን ጩኸት ሲሰማ ፊቱን አኮሳተረ፣ ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይህማ የእኛ ነው!» አለ።

ስለ ፖፕ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ፖፕ ራሱ ፈልጎን ይመጣል። አልበሙ ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት አንድ ሁለት ነጠላ ዜማ ይለቀቃል፣ ቪዲዮው ይከተላል፣ አርብ ሲደርስ በየመተግበሪያው መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ቢዮንሴ በታኅሣሥ 2013 ያለ ምንም ማስታወቂያ አልበም ከለቀቀች ወዲህ በድንገት ማውጣትም ልማድ ሆኗል። እዚህም ቢሆን ከድምፃዊው ይልቅ ፕሮዲውሰሩን መከተል አንድ እርምጃ ቀድሞ ያደርሳል፣ የፖፕን ድምፅ በየጥቂት ዓመቱ የሚለውጡት እነርሱ ናቸውና።

ከመፈለጊያው ጋር የሚያጣላን አንድ ጣጣ ግን አለ። መተግበሪያዎቹ የሚያሳዩት ዓመት ብዙ ጊዜ የታተመበት እንጂ የተቀረጸበት አይደለም። የኃይሉ መርጊያ የአኮርዲዮን ካሴት የተቀረጸው በ1985 ሲሆን፣ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው ቤት መልሶ ያሳተመው በ2013 ነው። ለውጭው አድማጭ በዚያ ዓመት የወጣ አዲስ አልበም ሆኖ ታየ፤ በእኛ ዘንድ ግን ቤተሰብ የሚያውቀው ካሴት ነበር። ሌላው ጣጣ የስማችን አጻጻፍ ነው። «መኩሪያ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሽፋን ላይ በ«አይ»፣ በሌላው ላይ በ«ዋይ» ስለሚጻፍ፣ በአንደኛው ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሥራ ላያገኝ ይችላል። ዲስኮግስ የተባለው መዝገብ ሁለቱንም አጻጻፍ በአንድ ሰው ስር ሰብስቦ፣ በየሸክላው የተሳተፉትን ሁሉ ስለሚዘረዝር፣ ያቺ የካሴት ሽፋን ጽሑፍ ለእኔ ከሁሉም በተሻለ የተመለሰችው እዚያ ነው።

ቤት ለመከተል የሚመቸው ሌላው ቦታ ባንድካምፕ ነው። እዚያ እያንዳንዱ አሳታሚ የራሱ ገጽ አለው፣ አዲሱ ከላይ ሆኖ ሁሉም ሥራው ተደርድሯል፤ ከዲጂታል ሽያጭ ድርጅቱ የሚወስደው 15 በመቶ ሲሆን፣ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በተመረጡ አርቦች ይህንንም ትቶ ገንዘቡ ለሙዚቀኛው እንዲያልፍ ያደርጋል። ከጎጃም ሆኖ በውጭ ምንዛሬ መግዛት ለአብዛኞቻችን የሚቻል አይደለም፣ ከመግዛት በፊት ማዳመጥ ግን በነጻ ነው።

ወጪያችን እንግዲህ የኢንተርኔት ጥቅል ነው፣ እርሱንም ማስላት ይቻላል። 40 ደቂቃ የሚፈጅ አልበም በዝቅተኛ ጥራት (በሰከንድ 96 ኪሎ ቢት) ሲሰማ ወደ 29 ሜጋ ባይት፣ በከፍተኛው (320 ኪሎ ቢት) ሲሰማ ደግሞ 96 ሜጋ ባይት ይበላል። ያንኑ አልበም በዩቲዩብ ከነምስሉ መክፈት ከሁሉም የባሰ ብክነት ነው። እኔ አርብ ማታ በሌሊት ጥቅል ሁለት አልበም ስልኬ ላይ አወርዳለሁ፤ አንዱ ከምከተለው ቤት የመጣ፣ ሌላው በዝርዝር ላይ ስሙን ካየሁት ተጫዋች የተገኘ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በምሄድባቸው ሳምንታት የመጀመሪያውን ደብረ ማርቆስን ስንለቅ እጀምረዋለሁ። ሁለተኛውን ለደጀን አቆየዋለሁ፤ አውቶቡሱ ወደ አባይ በረሃ መጠምዘዝ ሲጀምር ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስልክ የሚደውል የለም፣ ከታች ድልድዩን ተሻግረን ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ ድረስም አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር ይደመጣል።